በር ላይ የሚቀሩት እግሮች ሳይክል ላይ ለምን ይታዘዛሉ?

ከሐዋሳ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ፓርኪንሰን ነው ተባሉ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከሳሎን ወደ በረንዳ ሲወጡ በሩ ላይ እግራቸው መሬት ይዞ ይቀራል። ደግፈን ሳይክላቸው ላይ ካወጣናቸው ግን እንደ ድሮው እየነዱ ሐይቅ ዳር ድረስ ይሄዳሉ። ታላቅ ወንድሜ ‹ሲፈልጉ ይችላሉ፣ እልህ ነው› ይላል። ሐኪሙ አንጎላቸው ውስጥ በጥልቁ ያለች ትንሽ ቦታ ናት የታመመችው ብሎናል፤ ኤምአርአይ ላይ ግን ምንም የለም ተባልን። አንዲት ትንሽ ቦታ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች? እሷ ከታመመችስ ሳይክሉን ማን ነው የሚነዳው? ደግሞ በጾም ወቅት ኪኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወስዱም፤ ጉዳት አለው ወይ?»

መልስ፦

ሳይክሉን ማን ነው የሚነዳው ካሉት ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ይፈታል። አባትዎ እልኸኛ አይደሉም፤ እያስመሰሉም አይደለም። በር ላይ መቅረታቸውም ሳይክል መንዳታቸውም ከአንዱ በሽታ የሚመጣ ነው። እንዲያውም እኛ የነርቭ ሐኪሞች «መራመድ አቅቶኝ ሳይክል ግን እነዳለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ፓርኪንሰን መሆኑን የበለጠ እናምናለን። ፓርኪንሰንን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉ፤ እነሱ የያዟቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሚዛናቸው ቀድሞ ስለሚናጋ ሳይክልን የሚተዉት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኔዘርላንድስ ሐኪሞች የአንድ የ58 ዓመት ሰው ታሪክ አሳትመው ነበር። ሰውየው ከበሽታው ጋር 10 ዓመት ኖሯል፤ ጥቂት እርምጃ እንኳ ያለ ድጋፍ መሄድ አይችልም። ሳይክል ላይ ሲወጣ ግን ቀጥ ብሎ ይነዳል፣ ይዞራል። ከሳይክሉ በወረደበት ቅጽበት እንደገና እግሩ መሬት ይይዛል። እንደ ሐዋሳ ባለ ሜዳማና ሳይክል በለመደ ከተማ ይህ ነገር በየሰፈሩ ሊታይ የሚችል ነው፤ የሚያሳዝነው ቤተሰቡ ምልክቱን የአመል ጉዳይ አድርጎ ማየቱ ነው።

የአባትዎ ጡንቻ አልደከመም። ከአከርካሪ ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮችም ደህና ናቸው። ፈቃዳቸውም አለ፤ በሩ ላይ ቆመው «እንሂድ» እያሉ እግራቸውን ሲያዙ ነው የሚቀሩት። የተጎዳው ሳናስበው የምንሠራውን እንቅስቃሴ የሚያስጀምረውና የሚያስኬደው ክፍል ነው።

ይህ ክፍል የት እንዳለ እንይ። የአንጎል ውጫዊ ቅርፊት የተጨማደደው፣ ሁላችንም በሥዕል የምናውቀው ነው። ከዚያ ሥር፣ በሁለቱም ጎን በጥልቁ፣ የነርቭ ሴሎች ተከማችተው የሠሯቸው ጉብታዎች አሉ፤ በጥቅሉ ቤዛል ጋንግሊያ እንላቸዋለን። ከቅርፊቱ የሚመጣውን በዋናነት የሚቀበለው ትልቁ ስትሪያተም ነው። ከእሱ ወደ ውስጥ ግሎበስ ፓሊደስ አለ፤ ውጫዊና ውስጣዊ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሰብታላሚክ ኒውክለስ የምንለው ደግሞ ከአንዲት የባቄላ ፍሬ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ስለ እሱ ብዙ እናወራለን። ከሁሉም ታች፣ መካከለኛው አንጎል ላይ፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ አለ። ሴሎቹ ጥቁር ቀለም ስለሚያጠራቅሙ አስከሬን ላይ በዓይን ብቻ ይለያል፤ ፓርኪንሰን በነበረበት ሰው ላይ ደግሞ ያ ጥቁር መስመር ደብዝዞ ይገኛል። ይህንን በ1919 ፓሪስ ላይ በመመረቂያ ጽሑፉ ያሳየው ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 በሽታውን ከገለጸ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ጉብታዎች ምን ይሠራሉ? ጡንቻን በቀጥታ አያዙም፤ ወደ አከርካሪ የሚወርደው ትእዛዝ በዋናነት የሚነሳው ከቅርፊቱ ነው። ግን ቅርፊቱ በማንኛውም ሰዓት ብዙ እንቅስቃሴ ያዘጋጃል። አባትዎ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ መነሳቱ፣ ሲኒውን ማንሳቱ፣ ወደ በሩ መዞሩ፣ አፍንጫ ማከኩ፣ ሁሉም ተራ ይጠብቃል። ባንዴ ቢለቀቁ ሰውነት ይተረማመሳል። ቤዛል ጋንግሊያ እዚህ ላይ የግቢ ዘበኛ ሥራ ነው የሚሠራው፦ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ለተፈቀደለት ብቻ ይከፍታል፤ ካሳለፈ በኋላ መልሶ ይዘጋል።

ዝግ የሚያደርገው የውስጠኛው ግሎበስ ፓሊደስ ነው። ሴሎቹ አያርፉም፤ በዝንጀሮዎች ላይ እንደተለካው ምንም እንቅስቃሴ በሌለበት እንኳ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ጊዜ ምልክት ይልካሉ፤ መልእክታቸውም ወደ ቅርፊቱ ምልክት ለሚያስተላልፈው ክፍል፣ ለታላመስ፣ «ቁም» የሚል ነው። ታላመስ ካልተለቀቀ ወደ ቅርፊቱ የሚመልሰው ግፊት የለም፣ እንቅስቃሴው አይጀምርም። ስትሪያተም ውስጥ ያሉት ሴሎች በተቃራኒው ዝምተኞች ናቸው። ቅርፊቱ አንዱን እንቅስቃሴ ሲመርጥ የተወሰኑት ይነሱና ያንን የማይታክተውን ፓሊደስ ለቅጽበት ዝም ያሰኙታል፤ ታላመስ ይለቀቃል፣ እጅ ይነሳል። ይህ ቀጥተኛው መንገድ ነው። ሁለተኛ መንገድም አለ፤ በውጫዊው ፓሊደስና በሰብታላሚክ ኒውክለስ በኩል ዞሮ ይመጣና ማገዱን ያጠናክራል፣ የማይፈለገው እንቅስቃሴ እንዳያልፍ። ከታች ያለችው ሰብስታንሺያ ናይግራ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ስትሪያተም ታፈሳለች። ዶፓሚን የመጀመሪያውን መንገድ ያበረታል፣ ሁለተኛውን ያለዝባል። በሁለቱም በኩል ውጤቱ አንድ ነው፤ እንቅስቃሴ ይቀላል። ዶፓሚኑ ሲጎድል ደግሞ ሁለቱም መንገዶች ባንድ ወገን ያጋድላሉ፦ የሚከፍተው ይደክማል፣ የሚያግደው ይበረታል።

«አንዲት ትንሽ ቦታ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች» ላሉት መልሱ እዚህ ነው። አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። እዚያች ጥቁር ቦታ ላይ ዶፓሚን የሚሠሩት በሁለቱም ጎን ተደምረው በመቶ ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዷ ሴል የምትዘረጋው ክር እጅግ ቅርንጫፉ የበዛ ነው፤ የአንዷ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መገናኛ ይደርሳል። ስለዚህ ጥቂት ሴሎች ሲሞቱ ሰፊ የስትሪያተም ክፍል ዶፓሚን ያጣል። ያን ያህል ቅርንጫፍ መመገብ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው ከሌሎች ቀድመው የሚጎዱት የሚለው አስተሳሰብ እኔን ያሳምነኛል፤ አልፋ ሲኑክሊን የሚባለው ፕሮቲን በውስጣቸው እየተቋጠረ መከማቸቱ ደግሞ ከ1997 ወዲህ በደንብ የታወቀ ነው። መንቀጥቀጡና መዘግየቱ ለቤተሰብ ሲታይ ከነዚህ ሴሎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጠፍተዋል፤ ስትሪያተም ውስጥ ያለው ዶፓሚንም በጣም ወርዷል። አንጎል ለዓመታት ጉድለቱን እየሸፈነ ኖሯል ማለት ነው። አባትዎን ምናልባት ከመታመማቸው ከዓመታት በፊት ሽታ አልሸት ብሏቸው፣ ሆድ ድርቀት አስቸግሯቸው፣ በእንቅልፋቸው እየጮኹና እየተራገጡ እንደነበር ይጠይቋቸው። ብዙዎች «አዎ፣ ቡናው ሲቆላ አይሸተኝም ነበር» ይላሉ።

አሁን ሳይክሉ ላይ ደረስን። ዶፓሚኑ ከስትሪያተም ሁሉ እኩል አይጠፋም። ቀድሞና ክፉኛ የሚጎድለው ፑታመን ከሚባለው ክፍል የኋለኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ልማድ የሆኑ፣ ከልጅነት ጀምሮ ሳናስበው የምንሠራቸው እንቅስቃሴዎች የሚመሩበት ነው። መራመድ፣ ከወንበር መነሳት፣ አልጋ ላይ መገላበጥ፣ ሲናገሩ ፊትን ማንቀሳቀስ፣ ሲሄዱ እጅን ማወዛወዝ። ልብ ብለው፣ ዒላማ ይዘው የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ የሚመራው ክፍል በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ ደህና ይቆያል። አባትዎ ተራውን እርምጃ ሳያስቡት መራመድ ነው ያቃታቸው። በር ላይ ሲደርሱ መንገዱ ይጠባል፣ አካሄድ መቀየር ግድ ይሆናል፣ ያ ቅጽበት የውስጡን አስጀማሪ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የለም። ሳይክል ላይ ግን ፔዳሉ ራሱ አንዱን እግር ሲያወርድ ሌላውን ያነሳል፤ ምቱ ከውጭ ይመጣል፣ የሚዞረው ጎማና ከፊት ያለው መንገድ ለዓይን ምልክት ይሰጣሉ። በዓይን የሚመጣው ምልክት በቅርፊቱ የጎን ክፍልና ከኋላ በታች ባለው፣ ትንሹ አንጎል (ሴረቤለም) በምንለው ክፍል በኩል የራሱ መንገድ ስላለው የታመመውን ክፍል ያን ያህል ሳይጠብቅ ያልፋል። ሳይክሉን የሚነዱት በዚያ መንገድ ነው። ደረጃ መውጣት ከሜዳ መራመድ የሚቀልላቸው ሕሙማንም ያሉት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ «እዚህ ርገጥ» የሚል መስመር ነው።

መምህር ስለሆኑ ይህንን በወረቀት ማየት ትችላላችሁ። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያጽፏቸው፤ መስመር የሌለው ነጭ ወረቀት ይሁን። መጀመሪያው ላይ ፊደሉ ደህና ነው። ወደ ቀኝ ሲሄድ እያነሰ፣ እየተጠጋጋ ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ «በ» እና «ሰ» አይለዩም። ቀጥሎ ባለመስመር ደብተር ስጡና «ፊደሉ የላይኛውንም የታችኛውንም መስመር ይንካ» በሏቸው። ወዲያው ይተልቃል። ያው እጅ፣ ያው ብዕር፣ ያው ሰው ነው። ወንድምዎ አጠገባቸው ተቀምጠው ይህንን ቢያዩ ከእኔ ረጅም መልስ የበለጠ ያስረዳቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ እልህ ፊደል አያሳንስም፣ መስመርም እልህን አያበርድም።

ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ባጭሩ፦ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ባንድ ወገን ይጀምራል፣ የሚበረታውም እጁ ጭን ላይ አርፎ ሳለ ነው። ሲኒውን ሲያነሱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ ሰው ሲያያቸው ወይም ሲናደዱ ይብሳል። ይህም ማስመሰል የሚመስልበት ሌላው ምክንያት ነው። መንቀጥቀጡ ከትንሹ አንጎል ጋር የተያያዘ ሌላ ዑደትም ስላለው መድኃኒቱ መዘግየቱን አሻሽሎ መንቀጥቀጡን ቢተወው መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ኤምአርአይ «ምንም የለም» ማለቱ ብዙ ቤተሰብ ያስደነግጣል፤ ብዙ ብር ከወጣበት በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ተሳስቷል ያሰኛል። የተለመደው ኤምአርአይ ዕጢን፣ ደም መፍሰስን፣ የተዘጋ የደም ሥርን፣ ውኃ መቋጠርን ያሳያል፤ ከእነዚያ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ሴሎች ግማሾቹ መጥፋታቸውንና ዶፓሚን መጉደሉን አያሳይም። ስለዚህ በፓርኪንሰን ጤናማ ሆኖ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ምርመራው የሚወሰነው ሐኪሙ በማየት፣ እጅና እግርን አንቀሳቅሶ በመፈተሽ፣ ታሪክ በመጠየቅና ሌቮዶፓ ለሚባለው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚሰጡትን ምላሽ በመከታተል ነው።

ስለነዚህ ጥልቅ ክፍሎች የምናውቀው ከየት መጣ የሚል ካለ፣ አንዱ ምንጭ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በድብቅ የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቀው ሐኪም ቤት መጡ። ዕፁ ውስጥ በስህተት የተፈጠረው ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ሰብስታንሺያ ናይግራን መርጦ ገድሎ ነበር። የዊልያም ላንግስተን ቡድን ይህንን በ1983 ሲያሳትም ተመራማሪዎች በሽታውን በዝንጀሮ ላይ የሚያጠኑበት መንገድ ተከፈተ። አሜሪካዊው ማህሎን ዴሎንግና ባልደረቦቹ እነዚያን ዝንጀሮዎች መርምረው ሰብታላሚክ ኒውክለስ ከመጠን በላይ እንደሚሠራ አዩ፤ በ1990 ያቺን ክፍል ሲያጠፏት እንስሶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ተቃራኒውን እኛ በየጊዜው በሰው ላይ እናየዋለን፦ የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንሽ ስትሮክ ያቺን ክፍል ብቻ ሲመታት፣ በተቃራኒው ወገን ያለው እጅና እግር ያለ ፈቃድ ይወራወራል፤ ሰውየው እጁን በሌላኛው እጁ አፍኖ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚያግደው ሲጎድል ያልተፈቀደ እንቅስቃሴ ያመልጣል፣ ሲበዛ የተፈቀደውም ይታሰራል።

በፈረንሳይ ግሬኖብል አሊም ሉዊ ቤናቢድ ደግሞ በ1987 በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ ታላመስን በፈጣን የኤሌክትሪክ ምት መንካት መንቀጥቀጡን እንደሚያቆም አስተዋለ። በ1993 የእሱ ቡድን ወደ ሰብታላሚክ ኒውክለስ ገባ። ዛሬ ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ የሚባለው ሕክምና ይህ ነው፤ ቀጭን ኤሌክትሮድ እዚያች ክፍል ውስጥ ተተክሎ ደረት ቆዳ ሥር ካለ ባትሪ በሰከንድ 130 ጊዜ ያህል ምት ይቀበላል። ዴሎንግና ቤናቢድ በ2014 ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት ተጋርተውበታል። እኔ የምጨምረው፣ ከላይ የነገርኩዎት የ«ክፈት፣ ዝጋ» ንድፍ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። በታመመ ሰው ላይ እነዚህ ክፍሎች በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚመላለስ አንድ ዓይነት ምት ተያይዘው ይገኛሉ፤ ሌቮዶፓም ማነቃቂያውም ያንን ምት ይቀንሱታል። የምቱ መዛባት እንደ መጠኑ ሁሉ ይመዝናል።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለኝ። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 በመድኃኒት ያፈዘዛቸውን ጥንቸሎች በሌቮዶፓ አነቃቸው። በ1960 ቪየና ላይ ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች የሟች ሕሙማንን አንጎል መርምረው ስትሪያተም ውስጥ ዶፓሚን መጉደሉን አሳዩ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓን ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ባለ መጠን በአፍ ሰጥቶ ሕሙማኑን አስነሳ። ዶፓሚንን በራሱ የማንሰጠው ከደም ወደ አንጎል ስለማይገባ ነው፤ ሌቮዶፓ ግን ይገባል፣ እዚያም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አብሮ ያለው ካርቢዶፓ ደግሞ ከአንጎል ውጭ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል።

ችግሩ ሌቮዶፓ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉት ሴሎች አጠራቅመው እየቆጠቡ ስለሚያወጡት አይታወቅም። ሴሎቹ ሲቀንሱ ግን ሰውየው ከኪኒን እስከ ኪኒን የሚኖር ይሆናል። አባትዎ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይወስዱ መቆየታቸው ለዚህ ነው ጉዳት ያለው፦ ጠዋቱን ሙሉ ያ ዑደት ዶፓሚን አጥቶ ይውላል፣ ውድቀትም የሚመጣው ያኔ ነው። መድኃኒት በውኃ መዋጥን በተመለከተ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ እሳቸው ሲነግሯቸው ይቀበላሉ፣ ልጅ ሲነግራቸው ግን ሊያንገራግሩ ይችላሉ። ጸበልም ቢሄዱ ኪኒኑ አብሮ ይሂድ። በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከመዘግየት የከፋ ነው፤ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መድረቅና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ከከተማው ፋርማሲዎች መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የመጨረሻው ብልቃጥ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

ምግብ ላይ፦ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈው ፕሮቲን ተፈጭቶ የሚሆናቸው አሚኖ አሲዶች በሚያልፉበት መተላለፊያ ነው፤ ሲገናኙ ይሻማሉ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይም ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ይውሰዱት። ዓሣውንም ሥጋውንም አይከልክሏቸው፤ ሰውነታቸው ይከሳል። በዛ ያለውን ፕሮቲን ወደ ማታው ማዘዋወር ብዙዎችን ይረዳል። እሸት ባቄላ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለው፤ በ1913 መጀመሪያ ከተለየባቸው ዕፅዋት አንዱ ነው። ግን መጠኑ ከእሸት እሸት ይለያያል፣ ደርቆ ሽሮ ሲሆን ደግሞ በጣም ያንሳል። ይብሉት፤ ኪኒን አስተዉበት ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም እሸት በብዛት በልተው ያለ ፈቃድ የመወዛወዝ ነገር ከታየባቸው ያንን ለሐኪማችሁ ንገሩት።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። አባትዎ ሲያቅለሸልሻቸው ወይም ሲያስመልሳቸው ሜቶክሎፕራማይድ እንዳይሰጣቸው። ይህ መድኃኒት አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል፣ በሽታውንም ያብሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ ናቸው። ድንገተኛ ክፍል ከገቡ ገና በር ላይ «ፓርኪንሰን አለባቸው» ብላችሁ ተናገሩ፤ በወረቀት ጽፎ የኪስ ቦርሳቸው ውስጥ ማስቀመጥም ጥሩ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? በሩ ላይና ከበሩ ወዲህ ወለሉ ላይ፣ ከወለሉ ቀለም የሚለይ ፕላስተር በአግድም ለጥፉ፤ በአንድ እርምጃ ልክ ተራርቀው አራት ወይም አምስት መስመር ይበቃል። «መስመሩን ይሻገሩ» በሏቸው እንጂ «ይራመዱ» አትበሏቸው። መስመር በሌለበት ቦታ ሲቀሩ የእርስዎን እግር ከፊታቸው በአግድም ያድርጉና «ይለፉት» ይበሏቸው፤ ወይም አብራችሁ «አንድ፣ ሁለት» ቁጠሩ። እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ፊት አትጎትቱ። ጫማቸው ወለሉ ላይ እንደተጣበቀ ሆኖ ደረታቸው ብቻ ስለሚቀድም በግንባራቸው ይወድቃሉ። ሲቀሩ መጀመሪያ ይቁሙ፣ ይተንፍሱ፣ ክብደታቸውን ባንዱ እግር ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ ሌላውን ያንሱ። ሲዞሩ ባሉበት ከመዞር ሰፋ አድርገው ይዙሩ። እየሄዱ ሳለ ጥያቄ አትጠይቋቸው፣ ትሪም አታሸክሟቸው፤ በትኩረት ነው የሚራመዱት፣ ትኩረቱን ከወሰዳችሁባቸው እግሩም ይቆማል። በዓለ ንግሥ ዕለት ገብርኤል አካባቢ ያለው ግፊያ ለእሳቸው ከባድ ነውና ማልደው ይሂዱ፣ ወይም ሰው ሳሳ ሲል።

ሳይክሉን አትከልክሏቸው፤ ለሰውነታቸውም ለልባቸውም ይጠቅማል። ነገር ግን አደጋው መውጣትና መውረድ ላይ ነው፣ ባጃጅ በሚበዛበት አስፋልት ላይ በድንገት መቆም ደግሞ የባሰ ነው። ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ኪኒኑ ሲሠራ፣ አብሯቸው ሰው ኖሮ፣ ወንበሩ ሁለቱም እግራቸው መሬት እስኪነካ ዝቅ ተደርጎ ይንዱ። እያደር ሚዛናቸው ከተለወጠ ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ ተቀምጦ የሚረገጥ ሳይክል ቤት ውስጥ ይበቃል።

ቀዶ ሕክምናውን የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ። የሚጠቅመው ሌቮዶፓ በደንብ ለሚሠራላቸው፣ ግን ቶሎ ቶሎ ለሚያልቅባቸው ወይም መወዛወዝ ላመጣባቸው፣ የማስታወስ ችግርም ለሌለባቸው ሰዎች ነው። መተከሉ ብቻ አይበቃም፤ ምቱን የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ደጋግሞ መመላለስ አለ። በሽታውን አያቆመውም። ሌቮዶፓ ያልፈታውን የእግር መያዝም አብዛኛውን ጊዜ አይፈታውም። ስለዚህ ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ አባትዎ በር ላይ የሚቀሩት ኪኒኑ ሲያልቅ ነው ወይስ እየሠራም ሳለ?

ይህንን ሐኪማችሁ በቀጠሮ ዕለት ብቻ በማየት አያውቀውም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ለአንድ ሳምንት በደብተር ጻፉ፦ ኪኒኑ ስንት ሰዓት ተዋጠ፣ ምን ሰዓት እግራቸው ቀለለ፣ ስንት ሰዓት ላይ ቀሩ፣ ምን በልተው ነበር፣ ያለ ፈቃድ መወዛወዝ መቼ ታየ። በሩ ላይ ሲቀሩም ሳይክል ላይ ሳሉም በስልክ ቅረጿቸው፤ ሁለቱን ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። የያዙት መጠን ትንሽ ሆኖ ከተገኘ፣ ኪኒኑን በማብዛት ወይም ሰዓቱን በማቀራረብ ብቻ በር ላይ የሚቀሩበት ጊዜ ሊቀንስ ይችላል። መጠኑን ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ እንጂ በራሳችሁ አትቀይሩ። ወንድምዎም በዚያ ቀጠሮ ቢገኙ መልካም ነው፤ ደብተሩን የሚሞሉት እሳቸው ቢሆኑ ደግሞ የበለጠ።